ከተጉለት እስከ አንኮበር፦ የሸዋ መንግሥት አነሣሥና የሰላ ድንጋይ ስፍራ

የሸዋ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። አንደኛው በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በተጉለት፣ ሁለተኛው በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በመንዝ ነው። (ዓመታቱ እዚህ የሚጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ ክፍተት አለ፤ በዚያ ጊዜ የነገሥታቱ ቤት ወደ ጎንደር ሲሄድ ሸዋ ለብቻዋ ቀርታለች። ያም ሆኖ ሁለተኛው መንግሥት ሲነሣ የቆመው የመጀመሪያው በቆመበት መሬት ላይ ነበር። ይህን ያደረገው የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን የአገሩ አቀማመጥ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ደጋ ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግና ፈረስ የሚረባበት ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ሜዳው በድንገት ይቆረጥና ወደ ይፋት ቆላ፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ሞፈር፣ አዳባይና ወንጪት የቆፈሯቸው ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ፤ ውኃቸው በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ሞፈር ከሌሎቹ የሚለየው ተጉለትን ከመንዝ የሚከፍል ወሰን በመሆኑ ነው። ሰላ ድንጋይ የምትገኘው በዚህ ወሰን አጠገብ፣ በተጉለት በኩል ነው። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ሸለቆውን ተሻግሮ የሚወጣው ወደዚህ ወገን ነው።

እንዲህ ያለውን አገር የያዘ ገዥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያገኛል። ጠላት ሲበረታ አምባው ይሸሽገዋል፤ ጊዜ ሲመቸው ደግሞ ከባሕር የሚመጣውን ነጋዴ ከገደሉ ሥር ጠብቆ ቀረጥ ይቀበላል። ጨው፣ ጨርቅና ብረት ከታች ይመጣሉ፤ እህል፣ ፈረስ፣ የዝሆን ጥርስና፣ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት፣ ባሪያ ከላይ ይወርዳል። የሸዋ ታሪክ ባመዛኙ ይህን የገደል ጠርዝ ማን ይያዝ የሚለው የረጅም ክርክር ታሪክ ነው።

በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት አስወግዶ ሲነግሥ ከገደሉ በታች እስላማዊ መንግሥታት ነበሩ። የሸዋ ሱልጣኔት የሚባለው በ1285 በይፋቱ ወላስማ ሥርወ መንግሥት እጅ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ የቆላው ዋና ኃይል ይፋት ሆነ። በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የሚታየው የኖራ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው። በድንጋይ የተሠራው መስጊድና የቤቶቹ ግድግዳ፣ ይፋት የዘላኖች ሰፈር ብቻ ሳትሆን ከተሞች የነበሯት አገር መሆኗን ያሳያሉ። ደጋውና ቆላው አንዱ ያለ ሌላው መኖር አይችሉም ነበር፤ ጦርነታቸውም እንደ ጎረቤት ጠብ የማያልቅ ሆነ።

ጠቡን ለጊዜው የፈታው አፄ ዓምደ ጽዮን ነው (1314–1344)። የዘመቻ ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው፣ የይፋቱ ሰብረ ዲን ባመፀ ጊዜ ንጉሡ በ1332 ዘምቶ ይፋትን አስገበረ፤ ግን አላጠፋትም። ገዥውን ከዚያው ከወላስማ ቤተሰብ ሾመ። ይህ ብልሃት በኋላ ዘመንም ተደግሟል። በተጉለት ያለውን የንጉሡን መቀመጫ የዚያ ዘመን ጽሑፎች ማርዓዴ ይሉታል፤ የማምሉኮቹ ጸሐፊ አል ዑመሪም በ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስሙን ጠቅሶታል። ከተማ ሲባል ግን የዛሬውን ዓይነት ማሰብ አይገባም። የንጉሡ ከተማ የድንኳን ከተማ ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ይነሣል፣ ሲሰፍር ይሰፍራል። በአንድ ቦታ ብዙ ሲቆይ እንጨቱም ሣሩም ስለሚያልቅ መንቀሳቀሱ ግድ ነበር።

መንግሥቱን በቦታው ያቆመው የመሬቱ ሥርዓት ነው። ጨዋ የተባሉት የንጉሡ ወታደሮች እንደየክፍላቸው በየጠረፉ ይሰፍሩና ጉልት ይሰጣቸዋል። ጉልት ማለት መሬቱን መውረስ ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር መብላት ነው። ርስቱ የገበሬው ዘር ሆኖ ይቆያል፤ ግብሩ ለጉልተኛው ይገባል፤ ጉልተኛው ደግሞ ለንጉሡ ይዘምታል። ገዳማትም በዚሁ መንገድ ጉልት ተሰጥቷቸዋል። ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው መንግሥት ጦርና ቤተ ክህነት የሚያኖርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ በሸዋም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሥሩ ሳይነቀል ዘልቋል።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) የመጀመሪያውን መንግሥት ከፍተኛ ጫፍ ላይ አደረሰው። በግብፅ የነበረው የእመቤታችን ገዳም ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን በሰማ ጊዜ በተጉለት ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ይህንኑ ስም ሰጠው። በ1450 በዚያ በተደረገው ጉባኤ ለመቶ ዓመት ያህል ሲያከራክር የቆየው የሰንበት ነገር ተቋጨ፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ተወሰነ፤ ቅዳሜ ይከበር በማለታቸው ከቤተ መንግሥቱ ርቀው የኖሩት የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ታረቁ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሰማይ ብርሃን ታየና ንጉሡ ያን ያየበትን ቦታ ደብረ ብርሃን ብሎ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አቆመበት። ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አልቀረም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከ10 ዓመት በላይ ከዚያው አልተነሣም፤ የድንኳን ከተማ በለመደው መንግሥት ይህ እንግዳ ነገር ነበር። በዚሁ ዘመን ቤተ መንግሥቱ በጭካኔው ይፈራ እንደነበር የራሱ ዜና መዋዕል አይደብቅም፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ተቀጥተዋል።

በደጋውና በቆላው መካከል የተደረገው ጦርነት ከባሕር ማዶም አሻራ ትቷል። በዚህም በዚያም ወገን የተማረኩና የተሸጡ ሰዎች በዘይላና በሌሎች ወደቦች በኩል ወደ ዐረብ አገርና ወደ ህንድ ይሄዱ ነበር፤ በዚያም ሐበሺና ሲዲ ተባሉ። ተጓዡ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ዘመን በህንድ ባሕር ላይ የመርከብ ጠባቂ የሆኑ ሐበሾችን አይቷል። በቤንጋል ከ1487 እስከ 1493 የነገሡት ሱልጣኖች ሐበሾች ነበሩ። በአሕመዳባድ በመስኮቶቹ የድንጋይ ጥልፍ የታወቀው መስጊድ በ1570ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው በሲዲ ሰይድ ነው። ከሁሉም የላቀው ማሊክ አምባር (1548–1626) በባርነት ተሽጦ ደካን ከገባ በኋላ የአሕመድነጋር መንግሥት መሪ ሆነ፤ የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት በደፈጣ ውጊያ አስቸገረ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ መሠረተ። የህንድ የመካከለኛው ዘመን መንግሥታት ታሪክ ያለ እነዚህ ሰዎች ሙሉ አይሆንም።

ወደ አውሮፓ የተከፈተውም በር የተከፈተው በህንድ በኩል ነው። ለንጉሡ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር የምታስተዳድረው ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ በ1512 የደረሰው ፖርቱጋሎች ወደያዟት ወደ ጎዋ ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ ሊዝበን የተሻገረው። በ1520 ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክትም የመጣው በህንድ አገረ ገዥ መርከቦች ነው። ዕርዳታው ግን ዘገየ። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ልብነ ድንግል በአዳሉ ኢማም አሕመድ ተሸነፈ፤ ሸዋ ተመዘበረች፤ ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በ1540 በደብረ ዳሞ ሞተ። ኢማሙም በ1543 ቢገደል የሸዋ ደጋ አልተመለሰም። ቀጥሎ የመጣው የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት የአገሩን መልክ ለወጠው፤ ነገሥታቱም ወደ ጣና አካባቢ ሄደው በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን አቀኑ።

ሁለተኛው መነሻ ትንሽ ነበር። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ለሦስት ይከፈላል፤ ክፍሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሦስት አቅኚዎች እንደሆነ ይነገራል። በመንዝ አጋንቻ የተወለደው ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ዘሩን በመንዝ ተደብቆ ቀረ ከሚባለው ከልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ ይቆጥር ነበር። ይህ የዘር ቆጠራ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ሰው ያመነበት መሆኑ ነው። ነጋሢ በመንዝ ከበረታ በኋላ ሹመቱን ለማጽናት ወደ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሄዶ ጎንደር ሳለ በ1703 ገደማ በፈንጣጣ ሞተ። ልጁ ስብስትያኖስ፣ ከእርሱም አቢዬ፣ ከአቢዬም አምኃ ኢየሱስ ተከታትለው ገዙ። መቀመጫቸው ከመንዝ ወደ ዶቃቂት፣ ከዚያ ወደ ሐር አምባ፣ በመጨረሻም ወደ አንኮበር ወረደ። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ደቡብና ወደ ገደሉ ጠርዝ፣ ማለትም ወደ ቀረጡ መንገድ የሚያስጠጋ ነበር። ገዥዎቹ መርእድ አዝማች ይባሉ ነበር፤ ለጎንደሩ ንጉሥ በስም ይገዛሉ፣ በግብር ግን ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ። ጎንደር በመሳፍንት ሽኩቻ ስትደክም የሸዋ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ በጸጥታ መተላለፉ ትልቁ ብርታቷ ነበር።

ያ ጸጥታ አንድ ጊዜ ተናውጧል። የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ በ1813 ገደማ በቁንዲ በአገልጋዩ እጅ ተገደለ። ታላቁ ልጅ ሲያመነታ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ የእናቱን የመንዝ ዘመዶች አስከትሎ ቀድሞ ደረሰና አልጋውን ያዘ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ትባላለች።

የሰላ ድንጋይ ታሪክ ከዚህች ሴት ጋር የተያያዘ ነው። ልጇ በአንኮበርና በአንጎለላ ሲቀመጥ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጣ ሰፊ ግዛት ታስተዳድር ነበር። ግዛቱ ለስም የተሰጠ የጡረታ ጉልት አልነበረም። ንጉሡ ዐይኑ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በሚያይበት ጊዜ ጀርባው የሆነውን ሰሜኑን፣ ሥርወ መንግሥቱ የበቀለበትን መንዝና የሞፈርን መሻገሪያ የምትጠብቅለት እርሷ ነበረች። በ1842 ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አድሮ ዘነበ ወርቅን እጅ ነሥቷል። በሸዋ ወሰን ውስጥ ሳለ ጉዞው ሰላም ነበር፤ ከወሰኑ ወጥቶ ወሎ ሲደርስ ግን አደራ ቢሌ የተባለው ባላባት አሥሮ ዘረፈው፤ ነፍሱን ይዞ ምጽዋ ደረሰ። የሸዋ መንግሥት ምን ያህል መንግሥት እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ብዙ ጸሐፊዎች የሣህለ ሥላሴን ጥበብ ሲያነሡ ጦሩንና ጎተራውን ይቆጥራሉ፤ ኃይሉን ለባላባቶች ከመክፈል ይልቅ ለእናቱ ማካፈሉን ግን እምብዛም አያነሡም።

የገደሉን ሥር የሚጠብቀው ደግሞ ወላስማ መሐመድ ነበር። ዓምደ ጽዮን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያስገበረው የይፋት ቤተሰብ ስም አሁን የሹመት ስም ሆኖ የሸዋ ንጉሥ አገልጋይ ሆኗል። ከባሕር የሚመጣ ሲራራ በቅድሚያ የሚቆመው በጠረፏ መንደር በፋሬ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት የሚቻለው ንጉሡ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። የንጉሡ ዘመዶች አልጋ እንዳይመኙ የሚታሠሩበት የጎንቾ አምባም በወላስማው ጥበቃ ሥር ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ ወንድሞቹን የሚያስጠብቀው በሙስሊም ሹም ነበር፤ ሹሙ ከአልጋው ውርስ የራቀ ስለሆነ ይታመናል።

ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የአርጎባዎች የንግድ ከተማ ነበረች። ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው፣ ከህንድ የመጣ ሰማያዊ ጨርቅና ዶቃ፣ ከውስጥ አገር የመጣ ቡናና የዝሆን ጥርስ በዚያ ይለዋወጣሉ። አሞሌ ጨው ዝርዝር ገንዘብ ነው፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትልልቁ ዕቃ ነው። በአቅራቢያዋ ያለችው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ነበረች፤ ንጉሡም ከዚያ ንግድ ቀረጡን ይቀበል ነበር።

በ1841 በዚሁ መንገድ የመጣው እንግዳ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር። ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ የቦምቤይ መንግሥት ተልኮ፣ ሐኪም፣ ሠዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ አስከትሎ፣ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ ጭኖ በታጁራ በኩል አንኮበር ደረሰ። ኅዳር 1841 ላይ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የፈረንሳይን ውል ይዞ መጣ። ሣህለ ሥላሴ ሁለቱንም ተቀበለ። ከእነርሱ የፈለገው ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ነጋዴዎቻቸው አገሩን እንዲያጥለቀልቁት ግን አልፈለገም፤ ሐሪስም በ1843 ብዙ ሳይጠቀም ተመለሰ። የሸዋው ንጉሥ በዚህ ረገድ በዘመኑ ከነበሩት የህንድ ራጃዎች የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ኩባንያው ወደ እርሱ የሚደርሰው በረሃ አቋርጦ ስለሆነ ጦር ማምጣት አይቀናውም።

ሣህለ ሥላሴ በ1847 ሲሞት ልጁ ኃይለ መለኮት ተተካ። በ1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሸዋን ወረረ፤ ኃይለ መለኮት በዚያው ጊዜ በሕመም ሞተ፤ ልጁ ምኒልክ ተማርኮ ተወሰደ። ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጦ በወሎዋ ወርቂት ዕርዳታ ሸዋ ሲገባ ሥልጣኑን ይዞ የነበረውን በዛብህን በጋድሎ አሸንፎ የአያቱን አልጋ መለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው በብዙ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ማርዘም አያስፈልግም። በ1878 በልቼ ለአፄ ዮሐንስ ገበረ፤ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወግዞ አንኮበርን ለረጅም ዓመታት የከፋፈለው ክርክር በዐዋጅ ተዘጋ። መቀመጫው ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። አንኮበር የነገሥታት ከተማነቷን አጣች፤ ሰላ ድንጋይም ከዋናው መንገድ ራቀች።

ከሸዋ ቤት የወጣው ዘር ኢትዮጵያን ሲገዛ የሣህለ ሥላሴ አሠራርም አብሮ ሄደ። ጠመንጃ የሚመጣበትን የባሕር መንገድ መያዝ፣ ያስገበሩትን አገር በገዛ ባላባቱ ማስተዳደር፣ ለወታደር ጉልት መስጠት፣ ሴቶችን ከሥልጣን አለማራቅ፣ እነዚህ ሁሉ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ዳግም ታይተዋል። ዘውዲቱ (1916–1930) የምኒልክ ልጅ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የሸዋ ዘራቸውን የሚቆጥሩት በሴት በኩል ነው፤ የአባታቸው የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአገሩ አስተዳደር ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ እየተባለ በአውራጃ ሲከፈል የድሮዎቹ ስሞች በመዝገብ ገቡ፤ ዛሬ ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት።

ነገሥታቱ ሳይሆኑ ገበሬዎቹ የሠሩት አንድ ሥርዓት ደግሞ በመንዝ አለ። በጌራ ምድር ያለው የጓሳ ሜዳ ከነጋሢ ዘመን ጀምሮ አጽመ ርስት ሆኖ በቄሮ ሲጠበቅ ኖሯል። የጌራና የአስቦ ዘሮች የመረጧቸው አለቆች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ የቤት መክደኛ የሚሆነው ጓሳ ሣር ሲደርስ በጋራ ያጭዱታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ንጉሡ ለዚህ ሕግ ጦር መላክ አላስፈለገውም።

የሣህለ ሥላሴ ዘር አገዛዝ መስከረም 2 ቀን 1974 አበቃ። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሻረ፤ የጓሳ ቄሮም አብሮ ፈረሰና ሜዳው ለልቅ ግጦሽ ተጋለጠ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ እንደገና አቋቋመ፤ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ዛሬ የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ ነው።